የሞተር ብስክሌት አደጋ መቼና የት ይደርሳል?

ሞተር ብስክሌት በዘመናችን ለድኻው በቅሎ፣ ለነጋዴው ፈጣን መልእክተኛ፣ ለመሥሪያ ቤቱም ደኅና አገልጋይ ሆኗል። ዋጋው ከአውቶሞቢል ያነሰ፣ ነዳጁ ጥቂት፣ ማቆሚያውም ጠባብ ስለ ሆነ ጥቅሙን መዘርዘር አያስፈልግም። ነገር ግን ነጂው ያለ ምንም ከለላ በጎዳና ላይ የሚሄድ ነውና፣ ባለመኪናው የተጣመመ ብረት በሚያስጠግንበት ግጭት እርሱ አጥንቱን ወይም ሕይወቱን ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፣ በ2021 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እንጠቅሳለን) በዓለም ጎዳናዎች ላይ ከሞቱት 1.19 ሚሊዮን ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ጎማ በሆነ ሞተር ላይ የነበረ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በሕዝቡ ዘንድ የተለመደ አሳብ አለ። ይኸውም አደጋው የሚደርሰው ከከተማ ርቆ፣ በሌሊት፣ በዝናብ፣ እንደ ነፋስ በሚበሩ ጎረምሶች ላይ ነው የሚል ነው። ይህ አሳብ ከፊሉ እውነት ቢሆንም ዋናውን አደጋ ስለሚሰውርብን ጎጂ ነው እንላለን።

በአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ የነበሩት ሃሪ ኸርትና ባልደረቦቻቸው በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱትን 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎች በየስፍራው ተገኝተው መረመሩ፤ 3,600 የፖሊስ ሪፖርቶችንም ጨምረው በ1981 ውጤቱን አሳተሙ። ከአደጋዎቹ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተደረጉ ግጭቶች ነበሩ፤ ከእነዚህም ከሦስቱ በሁለቱ የሞተሩን የመተላለፍ መብት የነጠቀው የመኪናው ነጂ ነበር። ስፍራው አብዛኛውን ጊዜ መስቀለኛ መንገድ ሲሆን፣ መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ሞተር ሳያይ መንገዱን ይዘጋበታል። ከመቶው አደጋ በ98ቱ የአየር ጠባይ ምክንያት አልሆነም። ነጂዎቹ አደጋው ከመድረሱ አስቀድሞ ይሄዱበት የነበረው መካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ጉዞውም ባመዛኙ ለገበያ፣ ለጉዳይ ወይም ወዳጅን ለመጠየቅ የተወጣ አጭር ጉዞ ሲሆን፣ አደጋው የደረሰው ከተነሡበት ስፍራ ብዙ ሳይርቁ ነው። ከ1999 እስከ 2000 በአምስት የአውሮጳ አገሮች 921 አደጋዎች ሲመረመሩም፣ ከግማሽ የሚበልጡት በመንገድ መገናኛ የደረሱ ሆነው ተገኙ።

እርግጥ ሎስ አንጀለስ አሥመራ አይደለችም። ይሁን እንጂ የሰው ዓይን በሁሉም አገር አንድ ነው፤ መኪና ይመጣ እንደ ሆነ ብቻ የሚመለከት ዓይን ጠባቡን ሞተር ሳያስተውል ያልፈዋል። ስለዚህ ነጂው በምሽትም በሩቅ መንገድም ሊጠነቀቅ የሚገባው ቢሆንም፣ ይልቁንም ሊፈራው የሚገባ በጠራ ፀሐይ በየቀኑ የሚያልፍበትን የሰፈሩን መገናኛ ነው።

ከአሥመራ ወደ ምጽዋ የሚወርደው ጎዳና ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ተነሥቶ በነፋሲትና በጊንዳዕ በኩል በ115 ኪሎ ሜትር ያህል እስከ ባሕር ይደርሳል። ከባሕሩ የሚወጣው ጉም ተራራውን ሲሸፍነው ጠመዝማዛው አይታይም። በእንዲህ ያለው ስፍራ ነጂው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ከማንም ጋር ሳይጋጭ፣ በራሱ ስሕተት ነው፤ ወደ ኩርባው በፍጥነት ይገባና መንገዱን ይስታል፤ ወይም ደንግጦ የኋላውን ፍሬን አጥብቆ ሲረግጥ ጎማው ይንሸራተታል። መድኃኒቱ ከኩርባው በፊት ፍጥነትን መቀነስ፣ ቁልቁለቱንም በፍሬን ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው።

ለነጂው የምንመክረው ብዙ አይደለም። በቀንም ቢሆን መብራቱን አብርቶ፣ ብሩህ ልብስ ለብሶ ይታይ። የፊቱን ፍሬን ከኋላው ጋር ማስማማትን በባዶ ሜዳ ይለማመድ፤ የማቆሙ ኃይል ይበልጡን ያለው በፊተኛው ነውና። መጠጥ ከቀመሰ ሞተሩን ይተው፤ በኸርት ምርመራ ሞት ካስከተሉት አደጋዎች በግማሹ ያህል መጠጥ ተገኝቶባቸዋል። ከሁሉም በላይ የራስ ቁር ያድርግ፤ ማሰሪያውንም ያጥብቅ።

በዐረብ አገር ዝና ያተረፈው እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሎረንስ በግንቦት 1935 ሁለት ባለ ብስክሌት ልጆችን ለማዳን ሲል ከሞተሩ ወድቆ፣ ራሱ ተጎድቶ በስድስተኛው ቀን ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንዝ ነገሩን በልባቸው ይዘው ሲመረምሩ ቈይተው፣ የራስ ቁርን ጥቅም በ1941 በጽሑፍ አስረዱ፤ የእንግሊዝ ጦርም በዚያው ዓመት መልእክተኞቹን ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ። በ2008 የታተመ የ61 ጥናቶች ድምር የራስ ቁር የሞትን አደጋ ከመቶ 42፣ የራስ ጉዳትን ከመቶ 69 እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በምጽዋ ሙቀት ቁር ያስጨንቃል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሞቃታማዋ ቬትናም ከታኅሣሥ 2007 ጀምሮ በሕግ አስገድዳ ሕዝቧን አስለምዳለች፤ በኪጋሊም ሞተረኛው ለተሳፋሪው ሁለተኛ ቁር ይዞ ይዞራል።

የነገሩ ኃላፊነት ግን በነጂው ላይ ብቻ አይወድቅም። ነጋዴ ሆይ፣ ሞተር ላይ የምታስቀምጠው ወጣት የቤተሰቡ ጧሪ ነው። ደመወዙን በምልልሱ ብዛት ብቻ ብትቈርጥለት ለመገናኛው ሳይቆም እንዲያልፍ አንተ አዘዝኸው ማለት ነው። የቁሩን ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ ጋር አስበህ ግዛ፤ ሞተር የምትሸጥም እንደ ሆነ ያለ ቁር አትሽጥ።

ሹማምንትም በበኩላቸው የመንጃ ፈቃድ ከወረቀት ይልቅ የችሎታ ምስክር እንዲሆን ያድርጉ፤ በኸርት ምርመራ ከመቶ 92ቱ ነጂዎች ከራሳቸው ወይም ከዘመድ ወዳጅ እንጂ ከአስተማሪ አልተማሩምና። በየመገናኛው ጥግ የሚቆመው የጭነት መኪናና የተዘረጋው ድንኳን ዕይታን እንዳይጋርድ ይከልክሉ። የመሥሪያ ቤታቸው ተላላኪ ያለ ቁር ከበር እንዳይወጣ ቢያደርጉ ደግሞ ከብዙ ማስታወቂያ የሚበልጥ ትምህርት ይሆናል።

ሞተር ብስክሌት ይከልከል የሚሉትን አንደግፍም፤ በቅሎ ጣለች ተብሎ በቅሎ አልተከለከለምና። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ ግን፣ ጥንቃቄው ከሬሳ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ እንዲሆን፤ ባለመኪናም ወደ ግራ ከመታጠፉ በፊት ሁለተኛ እንዲመለከት እናሳስባለን።