ልደትና የበዓል ድካም

ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28 ቀን፣ የልደት በዓል ተከብሮ ካለፈ በኋላ ከብዙ ሰው አፍ የምንሰማው አንድ ንግግር አለ፤ ይኸውም «እፎይ፣ በዓሉ አለፈልን» የሚል ነው። ነገሩ ለጊዜው ቢያስቅም ሲያስቡት ያሳዝናል። የመድኃኒታችንን ልደት በደስታ ለመቀበል ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የጾመ ክርስቲያን፣ በዓሉ ሲደርስ እንደ ከባድ ሸክም ተቀብሎ እንደ ከባድ ሸክም የሚያወርደው ከሆነ፣ ያን ያህል ቀን መጾሙ ለምን ነበር ያሰኛል።

ስለዚህ ጉዳይ ዘወትር የሚባለውን እናውቃለን። ገበያው፣ ዶሮው፣ ቅርጫው፣ የፈረንጅ ጽዱና ብልጭልጩ መብራት መንፈሳዊውን ነገር ሸፍኖታልና ይህ ሁሉ ይቅር ይባላል። አሳቡ ክፉ አይደለም። እኛ ግን በዚህ ብቻ አንስማማም፤ ልደትና ድካም ከመጀመሪያውም ተለያይተው አያውቁምና።

የሉቃስን ወንጌል 2ኛ ምዕራፍ ገልጦ የሚያነብ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው የመላእክትን ዝማሬ አይደለም፤ የመንግሥት ትእዛዝን ነው። አውግስጦስ ቄሣር ሕዝቡ ሁሉ እንዲመዘገብ አዘዘ፤ ዮሴፍም የመውለጃዋ ቀን የቀረበውን እመቤታችንን ይዞ ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም ወጣ። ረዥም መንገድ፣ መዝገብ፣ ማደሪያ ማጣት! በመሥሪያ ቤት ተቀምጣችሁ ባለጉዳይ የምታስተናግዱ ወጣቶች ይህን ታሪክ ከማንም ይልቅ ልታስተውሉት ይገባል። (ዮሴፍን የመዘገበው ጸሐፊ ማን እንደ ሆነ አልተጻፈም፤ ምናልባት «ነገ ተመለስ» ብሎት ይሆናል።) የምሥራቹንም አስቀድመው የሰሙት ዐርፈው የተቀመጡ ሰዎች አይደሉም፤ መንጋቸውን በሌሊት ይጠብቁ የነበሩ እረኞች ናቸው።

እንግዲህ የሚያስጠይቀው ድካም መኖሩ አይደለም፤ የሚደክመው ማን ነው የሚለው ነው። በዋዜማው ዕለት ወደ ማድቤት ጎራ ብሎ ማየት ይበቃል። ዶሮውን ገነጣጥላ 12ቱን ብልት አውጥታ፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ አጥባ፣ ያን ሁሉ ሽንኩርት ልጣና ከትፋ፣ በጭስ ውስጥ ቆማ ስታማስል የምታመሸው እናት ናት። ከአጠገቧም የቤት ሠራተኛይቱ አለች፤ እርሷም ክርስቲያን ናት፣ እርሷም ጾማለች፣ በባላገር ያለች እናቷንም ከተለየች ብዙ ጊዜዋ ነው። የቀረነው ደግሞ ሳሎን ተቀምጠን «ወጡ ደረሰ ወይ?» እንላለን። ማኅሌቱ ሲቆም አንዷ ድስት ስትጠብቅ፣ ሌላዋ ዕቃ ስታጥብ ያመልጣቸዋል፤ ሲነጋም ሁለቱም ከድካም ብዛት እህሉ አይበላላቸውም። ለእመቤታችን በእንግዳ ማደሪያ ስፍራ አልተገኘም ብለን እናዝናለን፤ በገዛ ቤታችን በዓል ለእነዚህ ሁለት ሴቶች ስፍራ እንዳላስገኘን ግን ልብ አንልም።

አባቶቻችን ይህ ነገር ጨርሶ አልታወቃቸውም አይባልም። በገና ጨዋታ ሜዳ ጌታና ሎሌ እኩል ሆነው ሩሩን ሲመቱ፣ ጌታው በዱላ ቢነካ እንዳይቆጣ የቆየ ደንብ ነበረ። እኩልነቱ ከሜዳ ወደ ማድቤት አለመግባቱ ነው ጉድለቱ። በላሊበላም ለገና በዓል ከሩቅ አገር በእግራቸው የሚመጡትን ምእመናን እግራቸውን አጥቦ የመቀበል ልማድ አለ። አጣቢው ለመንገደኛው ድካም ስብከት አይሰጥም፤ ውሃ ነው የሚያቀርብለት።

በዋዜማው ከመሥሪያ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት የሚመለስ ወጣት፣ አንዱን «እንኳን አደረሳችሁ» በስልክ ለመቶ ሰው ከሚያዳርስ ይልቅ ቢላዋ አንሥቶ ሽንኩርት ቢልጥ፣ ውሃ ቢቀዳ፣ ዕቃ ቢያጥብ ምን ይጎዳዋል? ወንድ ልጅ ማድቤት ገባ ብሎ የሚነቅፍ ዘመድ አይጠፋም፤ ይንቀፍ። ድስቱ በጊዜ ከወረደ እናትም ሠራተኛይቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ለማኅሌቱ ይደርሳሉ። ሽንኩርቱም በወንድ እጅ ትንሽ ጎላ ጎላ ብሎ ቢከተፍ፣ ጥቂት ጨምሮ ማቁላላት ነው እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።