ካዎውን ያለበሰው ማን ነው?

የታሪክ ቲያትር በተባለ ቁጥር መድረክ ላይ የሚወጣው ልብስ ያው ነው። ዘመኑ 18ኛው ምዕት ዓመት፣ አገሩ ወላይታ ይባልና ካዎው የጎንደር ካባ ደርቦ፣ ጎፈር ደፍቶ ይቀመጣል። አጃቢዎቹ ለጊፋታ ከሶዶ ገበያ በተገዛ ዱንጉዛ ያብረቀርቃሉ። ሕዝቡስ? ሕዝቡማ ጆንያ ይበቃዋል! እኛ ለዚህ «ታሪካዊ አልባሳት» አናጨበጭብም።

እስቲ አንድ በአንድ እንየው። ጎንደርን ማልበስ የፈለገ መመልከቻ አለው፤ በጣና፣ በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ከነልብሳቸው ጌጥ ተሥለው ይታያሉ። ያ ግን የጎንደር ቤተ መንግሥት ልብስ ነው። ወላይታ በዚያ ዘመን የራሱ ካዎ ያለው፣ ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር። በምኒልክ ጦር የተሸነፈው በካዎ ጦና ጊዜ፣ በ1887 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ከዚያ መቶ ዓመት የቀደመን ካዎ የጎንደር መኰንን አስመስሎ ማቅረብ፣ ጦሩ ሳይደርስ በመርፌና በክር ማስገበር አይደለም ወይ?

ጠባችን ከዱንጉዛ ጋር አይደለም፤ ዱንጉዛ ኩራት ነው። ጠባችን ዓይን ከሚወጋው የፋብሪካ ክር ጋር ነው። የኬሚካል ማቅለሚያ ለገበያ የበቃው በፈረንጆች 1856 ከተገኘው ግኝት ወዲህ ነው። በፊት ጨርቅ የሚጀምረው ከእንዝርት ነበር። ሴቶች ይፈትላሉ፤ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይሠራል። የጨርቁ ስፋት እጁ መወርወሪያውን እስካቀበለ ድረስ ነው። ሰፋ ያለ ልብስ ከተፈለገ ሁለት ጠባብ ጨርቅ ጎን ለጎን በእጅ ይሰፋል። ያቺ መሐል ላይ ያለች ስፌት ከመቶ ጎፈር ይልቅ ዘመኑን ትናገራለች።

«ቲያትር እኮ ነው፣ ማን ያውቅብናል?» የሚሉን አሉ። ሶዶ ላይ ይህን ማለት ድፍረት ነው! ከተመልካቹ መካከል የሸማኔ ልጅ አለ፤ እናቱ ስትፈትል እያየ ያደገ አለ። «በጀት የለም» የሚሉም አሉ። ለከፋይ ካባና ለወርቀ ዘቦ ከየት መጣ?

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ሸክላ ሠሪው ጭናሻ እየተባለ፣ ቆዳ ፋቂውና ቀጥቃጩ እየተናቁ፣ ከጋብቻ እየተገለሉ ኖረዋል። አገሩ የበላበት ሸክላ፣ ያረሰበት ብረት፣ የተኛበት ቆዳ ግን የእነሱ እጅ ሥራ ነው። ካዎውን አስጊጦ እነሱን ጆንያ የሚያለብስ ቲያትር ያንኑ ንቀት በመብራት አድምቆ ይደግመዋል።

ስለዚህ እንጠይቃለን። አልባሳት አዘጋጆች መቀስ ከማንሳታቸው በፊት ሸማኔ ቤት ይሂዱ። መድረክ ላይ የሚወጣ ሁሉ፣ ካዎም ሆነ ቀጥቃጭ፣ ለሥራው የሚስማማ ልብስ ይኑረው። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይም የሸማኔው ስም ከተዋናዩ ስም ጎን ይጻፍ። ያን ቀን እናጨበጭባለን።