ከአስሩ አንዱ አድርጋችሁ ስለቆጠራችሁኝ

ይድረስ ለናይሮቢ የአይሁድ ማኅበር አባላት፤

በዩኒቨርሲቲ ዌይና በኡሁሩ ሀይዌይ መገናኛ ላይ ባለው ምኩራባችሁ ስላደረጋችሁልኝ አቀባበል ከልብ ላመሰግናችሁ እወዳለሁ።

ወላጆቼ የጎንደር ቤተ እስራኤል ናቸው። «አይሁዳዊ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እኛን በጣም ያመናል። የእስራኤል ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ወስነዋል። ሆኖም በዘመቻ ሙሴ እስራኤል የገቡ ወገኖቻችን አይሁድነታቸውን ለማጽናት ውኃ ውስጥ ጠልቀው እንዲነጹ ተጠየቁ፤ በ1985ም ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ተቀመጡ።

እናንተ ዘንድ በር ላይ ፓስፖርቴ ታየ፤ ለጥበቃ ነውና ተገቢ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ዘሬ የጠየቀኝ አልነበረም። የማኅበር ጸሎት አስር ወንድ ይፈልጋል፤ ዘጠኝ ሆናችሁ ትጠብቁ ነበር። አንድ አዛውንት የጸሎት መጽሐፍ ሰጡኝ፤ ገጹንም በጣታቸው አመለከቱኝ፤ ወዲያው ጸሎቱ ተጀመረ። ከጸሎት በኋላ ወይኑና ዳቦው ሲባረክ እናቴ ለሰንበት የምትጋግረው፣ ቄሱ ባርከው የሚቆርሱት ዳቦ ትዝ አለኝ።

ማኅበራችሁ በ1904 ሲመሠረት፣ እንግሊዞች በዛሬዋ ኬንያ ለአይሁድ መስፈሪያ መሬት እንስጥ ካሉ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ያ ዕቅድ በ1905 ውድቅ ሆነ፤ እናንተ ግን ጸናችሁ። ከናዚ የሸሹ ስደተኞች ኬንያ ሲገቡም ማኅበሩ ነበረ። በ1955 የዛሬውን ምኩራብ ሠራችሁ። ዛሬ ቁጥራችሁ ጥቂት ነው።

ብዙ አይሁድ ባሉባቸው ከተሞች ሰው የሚመስለውን እየመረጠ፣ ሌላውን ከሩቅ እየተቸ ይጸልያል። እናንተ ዘንድ ሕግ አጥባቂውም፣ ቸል ያለውም፣ መንገደኛውም አንድ ጣሪያ ሥር ይቆማል፤ አንዱ ከቀረ ጸሎቱ ይጎድላልና። እኔ እንደማምነው የዛሬው የአይሁድ ኑሮ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ሰውን ከመመርመር በፊት ወገን አድርጎ መቁጠር።

እግዚአብሔር ቁጥራችሁን ያብዛ። በበዛችሁም ጊዜ እንደ ዛሬው አንድ ሰው ሲጎድል የምታስተውሉ ያድርጋችሁ።

አክባሪያችሁ፣
የጎንደሩ ቤተ እስራኤል ልጅ