አሠልጣኝ ሲሄድ ምን ይዞ ይሄዳል?



በላንቻ ሠፈር በየቡና ቤቱ ከሚነሣው ክርክር ሁሉ መቋጫ የማይገኝለት የአሠልጣኝ ነገር ነው። ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈ ማግሥት «ይውረድ!» ይባላል፤ በወረደ ማግሥት ደግሞ «ምነው አወረዱት?» ይባላል። ሁለቱንም የሚሉት ብዙ ጊዜ እነዚያው ሰዎች መሆናቸው ያስደንቀኛል። ይሁን እንጂ አልፈርድባቸውም። ስታዲየሙ ከሠፈራችን በእግር የሚደረስ ስለ ሆነ ታላላቆቻችን የቡድኑን ታሪክ እንደ ቤተ ዘመድ ታሪክ አድርገው ነው የሚያወጉን፤ ቁጣቸውም የዘመድ ቁጣ ነው።

የአቶ ሰውነት ቢሻውን ነገር እንመልከት። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ቡድናችን ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ ስለ ነበር ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከሜዳ ውጭ በገቡት ጎሎች ብልጫም ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። እኛ የዛሬዎቹ ተማሪዎች ያን ጊዜ ገና ከእናቶቻችን ጉያ አልወጣንም፤ የዚያን ቀን ሆታ ግን በወሬ ብቻ እስኪሰለቸን ድረስ ሰምተነዋል። በዚያው ዓመት ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካ 2 ለ 1 ተሸነፈች። ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ተጫዋች ቦትስዋና ላይ በመሰለፉ ሦስት ነጥብ ቢቀነስብንም፣ ቡድኑ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ ለዓለም ዋንጫ ከቀሩት 10 የአፍሪካ ቡድኖች አንዱ ለመሆን በቃ። እዚያ ላይ ናይጄሪያ በሁለቱም ጨዋታ አሸነፈችን። በጥር 2006 ዓ.ም. በቻን ውድድር ሦስት ጨዋታ ተሸንፈን አንድም ጎል ሳናገባ ተመለስን፤ አቶ ሰውነትም ወዲያው ተሰናበቱ።

ያለ ጎል መመለስ አያሳፍርም አልልም። ነገር ግን በቻን የሚሰለፉት በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ብቻ በመሆናቸው፣ ባሕር ማዶ የሚጫወቱት እነ ሳላዲን ሰይድ በዚያ ቡድን ውስጥ አልነበሩም። ሱዳንን የጣለው ቡድንና ያ ቡድን አንድ አልነበሩም ማለት ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና ይህን ያስታወሰ ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ቁጠሩት። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረ መድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፤ በሰባት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ አምስት አሠልጣኞች ማለት ነው። ስድስተኛው ውበቱ አባተ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁን፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ማላዊ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈውም የእርሳቸው ቡድን ነው። የሚያሳዝነው ያ ጨዋታ የእኛ «የቤት» ጨዋታ መሆኑ ነው፤ ሜዳዎቻችን ስላልተፈቀዱ በሰው አገር ነበር የተስተናገድነው። በሚቀጥለው ዓመት እርሳቸውም ሄዱ።

ታላላቆቻችን እዚህ ላይ ሲደርሱ «እንደ ይድነቃቸው ያለ የለም!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን ዋንጫውን ስናነሣ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እኔ ግን ከዋንጫው ይልቅ ሌላውን አስባለሁ። እኒህ ሰው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል፣ አሠልጥነዋል፣ አስተዳድረዋል፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም እስከ ሞቱ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። የአሠልጣኝነቱን ቦታ ሲለቁ ዕውቀታቸው ከቤቱ አልወጣም። እንግዲህ «ይውረድ» ወይም «ይቆይ» ከማለታችን በፊት፣ የሚሄደው ሰው የሚያውቀውን ለማን አስረክቦ እንደሚሄድ መጠየቅ ይገባናል። ይህን ጥያቄ በቡና ቤት ሰምቼው አላውቅም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የቅርጫት ኳስ ቡድናችንን የሚያሠለጥኑት የስፖርት መምህራችን የተሻለ ደመወዝ አግኝተው ሊዛወሩ ነው የሚል ወሬ ከፋሲካ ወዲህ እንደሚናፈስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዳንዶቻችን «ከዱን» እያልን ነው፤ ከዚያም አልፎ ሰላምታ የነፈግናቸው አለን። ይህ ነውር ነው። መረብ በሌለው ቅርጫት ሥር፣ አንዲት ኳስ ለሃያ ሰው እያካፈሉ፣ ቅዳሜያቸውን የሰጡን እርሳቸው ናቸው። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በእኛ ጭብጨባ አይደለም። ወላጆችም ብትሆኑ ለማቆየት የምትችሉት ነገር ካለ በወላጆች ስብሰባ ብትናገሩ እንጂ በየመንገዱ መምህሩን ብትወቅሱ የሚገኝ ጥቅም የለም።

ቢሄዱ ግን ባዶ እጃችንን እንዳንቀር እሠጋለሁ። የትኛው ልጅ በግራ እጁ እንደሚደክም፣ ማን ከሁለተኛው አጋማሽ በኋላ ትንፋሽ እንደሚያጥረው፣ ቁመት የሌለው ቡድን ረጃጅሞችን እንዴት እንደሚከላከል የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ የ11ኛ ክፍል ተጫዋቾች ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ተራ በተራ አጠገባቸው ተቀምጠው የልምምዱን ሥርዓት እየጠየቁ እንዲጽፉ አሳስባለሁ። መምህራችን እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ባለ ሃምሳ ሉኩን ደብተር እኔ ገዝቼ አመጣለሁ።