የቀበሌው ናሙና ውጤቱን ይዞ ወደ ቀበሌው ይመለስ

ዝናቡ ሲያባራና መንገዱ ሲደርቅ ተመራማሪዎች ወደ ወረዳዎች መምጣት ይጀምራሉ። አንዱ የዱር ተክል ቅጠልና ሥር ይሰበስባል፤ ሌላው ከኩሬና ከሐይቅ ዳር ውኃ በጠርሙስ ይቀዳል፤ ሦስተኛው ደግሞ የዱር እንስሳትን ኮቴና ኩስ እየተከተለ ይመዘግባል። ወረዳው የትብብር ደብዳቤ ይጽፋል፤ የልማት ሠራተኛው መንገድ ይመራል፤ አርሶ አደሩ የተክሉን ስምና ጥቅም፣ የእንስሳውን መዋያና ማደሪያ ይነግራል። ናሙናውም ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤ የጻፈው ወረዳም፣ መንገድ ያሳየው አርሶ አደርም አይሰሙም።

ይህ ልማድ መቀየር አለበት። እንዲህ ያለው ጥናት ለመመረቂያ ወረቀት ብቻ የሚሠራ ከግብርናው የራቀ ነገር የሚመስላቸው ጥቂት አይደሉም። የእንዶድ፣ የአልጌና የጓሳ ታሪክ ግን ጉዳዩ ከአርሶ አደሩ ጤና፣ ከከብቱና ከግጦሹ ጋር በቀጥታ የተያያዘ መሆኑን ያሳያል።

የእንዶድን ጉዳይ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ወደ አድዋ ሄደው ነበር። የቢልሃርዚያ ትል የዕድገቱን አንድ ክፍል የሚያሳልፈው በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ላይ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃው ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ተመራማሪው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወራጅ ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አዩ። በእንዶድ ሸማ ማጠብን እናቶች ለዘመናት ያውቁታል። ፍሬው ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል፣ የሚገድለውም በውስጡ ባለው ሳፖኒን የተባለ አረፋ የሚሠራ ንጥረ ነገር መሆኑን ያረጋገጠው ግን ቤተ ሙከራ ነው።

ያ ግኝት ዶክተር አክሊሉንና የሥራ ባልደረባቸውን ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስን እ.ኤ.አ. በ1989 ለዓለም አቀፍ ሽልማት አበቃቸው። ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል። ይሁንና እንዶድ በሚፈለገው ስፋት ሥራ ላይ አልዋለም። ዓለም አቀፍ ተቋማት የሚጠይቁት የደኅንነት ፍተሻ ብዙ ዓመታት ወስዷል፤ እንዶዱ ዓሣንም ስለሚገድል እንዲሁ በግምት ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር አይደለም። በሌላ በኩል በአሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ባለ ዛጎል እንስሳትን ለማስወገድ እንደሚያገለግል በ1990ዎቹ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ዶክተር አክሊሉ በዚያም ሥራ ተሳታፊ ነበሩ። ነገር ግን የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጡት የወንዝ ዳር እናቶች ከዚህ ያገኙት ምንድን ነው? ጥያቄው ዛሬም ተገቢ ነው። የመስኖ ቦይ በተዘረጋበት ሁሉ ቀንድ አውጣ መራቢያ ሊያገኝ ስለሚችል ጉዳዩ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ሳይሆን የግብርናውም ነው።

ሁለተኛው አልጌ ነው። አረንጓዴ የለበሰ ውኃ ሁሉ አንድ አይደለም። በቢሾፍቱ አካባቢ ባለው አረንጓዴ ሐይቅና በስምጥ ሸለቆው ጭቱ ሐይቅ የሚበቅለው ስፓይሩሊና በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ በዓለም ላይ ለምግብነት እየደረቀ ይሸጣል። በቆቃ ሐይቅ በተደጋጋሚ የታየው አረንጓዴ ሽፋን ግን ጉበት የሚጎዳ መርዝ የሚያመነጭ ዓይነት መሆኑ በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል። ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ይኸው ዓይነት በጣና ሐይቅም ተመዝግቧል። ሁለቱም ለዓይን አረንጓዴ ናቸው። አንዱን ከሌላው ለመለየት አጉሊ መነጽርና የኬሚካል ምርመራ ያስፈልጋል።

ለአርሶ አደሩ ይህ ዕውቀት ነገ ሳይሆን ዛሬ የሚጠቅም ነው። መርዙ ውኃውን በማፍላት አይጠፋም። ከብት ወደ ውኃ የሚወርደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ነፋሱ ሽፋኑን በሚገፋበት ዳርቻ ነው። አልጌው እንዲባዛ የሚያደርገው በጎርፍ ታጥቦ የሚገባው አፈር፣ ፍግና ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ እርከን የሠራና ማዳበሪያውን በልኩና በጊዜው የጨመረ አርሶ አደር ማሳውን ብቻ ሳይሆን ከብቱ የሚጠጣውንም ውኃ ይጠብቃል። አንድ ተመራማሪ ከኩሬው ውኃ ቀድቶ ከሄደ በኋላ «ይህ ጎጂ ነው» ወይም «ይህ ጉዳት የለውም» የሚል መልስ ለቀበሌው ሳይልክ ቢቀር የሚቀረው ጉድለት የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ከብትም ሰውም ሊጎዳ ይችላል።

ሦስተኛው በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚገኘው ጓሳ ነው። የመንዝ ሕዝብ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለውን ይህን ከፍተኛ ቦታ ቄሮ በሚባል የራሱ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ሲጠብቅ ኖሯል። ቦታው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለግጦሽ በተራ ይውላል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢላላም ማኅበረሰቡ በኮሚቴ አደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል። ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ ኬንት ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ይህን የጋራ ሀብት አያያዝ ከቀይ ቀበሮው ሕልውና ጋር አያይዘው መርምረዋል። ሣሩን ለራሱ ሲል የጠበቀው ገበሬ በዓለም ላይ በጥቂት መቶዎች ብቻ የቀረውን ቀይ ቀበሮም አብሮ ጠብቋል።

በዚያው በጓሳ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ደግሞ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን 67 በመቶ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም ቀበሮውን አይሸሹትም። ይህን ያሳየው ለረጅም ጊዜ በሜዳ ላይ የተደረገ ትዕግሥት የተሞላበት ክትትል ነው።

ገበሬው «ጭላዳው ገብሴን ይበላል፣ ቀበሮው ግልገል ይነጥቃል፤ ጥናቱ የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። መልሱም በጥናቱ ውስጥ መኖር አለበት። ቀበሮው በዋናነት የሚመገበው አይጥና ፍልፈል መሆኑ ሊነገረው ይገባል፤ የሰብሉ ጉዳትም ተለክቶ መታወቅ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003 እና በ2008 የተነሱት ወረርሽኞች ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ጨርሰዋል፤ በሽታው የሚመጣው ከመንደር ውሾች ነው። ስለዚህ የውሻ ክትባት ለቀበሮው ብቻ ተብሎ የሚሰጥ አይደለም፤ የአርሶ አደሩን ልጅና ላም ከዚሁ ሞት ይታደጋል። ይህ እንዲሆን ግን ሞቶ የተገኘ ቀበሮ ወይም ያበደ ውሻ በዕለቱ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መነገር አለበት፤ ባዶ እጅ መንካትም አይገባም፤ የምርመራው ውጤትም ለጠቆመው ቀበሌ መመለስ አለበት። ጠቁሞ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይጠቁምም።

ታዲያ ወረዳዎች ምን ያድርጉ? የመጀመሪያው ነገር ቀላል ነው። የትብብር ደብዳቤ ሲጻፍ የጥናቱ ርዕስ፣ የናሙናው ዓይነት፣ የሚሄድበት ቤተ ሙከራና ውጤቱ የሚመለስበት ጊዜ በአንድ መዝገብ ይያዝ። ሁለተኛ፣ ተመራማሪው ሥራውን ሲጨርስ ሁለት ገጽ የማይበልጥ የአማርኛ ማጠቃለያ ለግብርና ጽሕፈት ቤቱና ለቀበሌው ያስረክብ፤ የልማት ሠራተኛውም በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ያንብበው። ሦስተኛ፣ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ አስቀድሞ አውቆ የመፍቀድና ከጥቅሙ የመካፈል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን አዋጅ ናሙና እንዲወጣ የሚፈቅድ ባለሙያ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

«ወረዳው ሥራ በዝቶበታል፤ በጀት የለም» የሚል መልስ እንደሚሰጥ ይጠበቃል። አንድ መዝገብና በዓመት ጥቂት የስብሰባ ሰዓት ግን አዲስ በጀት አይጠይቅም። ተመራማሪዎችም «ውጤቱ ገና አልታተመም» ይላሉ። ይህ ስጋት ተገቢ ነው፤ ያልተረጋገጠ ነገር ለገበሬ እንደ እውነት መነገር የለበትም። መፍትሔው ግን ዝምታ አይደለም። የተረጋገጠው የተረጋገጠ፣ ያልተረጋገጠውም ያልተረጋገጠ መሆኑ ተጽፎ ይምጣ። «ምንም አልተገኘም» የሚለውም ቢሆን ውጤት ነው፤ ገበሬውን ከከንቱ ተስፋና ከከንቱ ፍርሃት ያድነዋል።

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል። በእጃችን ያለውን ተክል፣ ውኃና አውሬ መጀመሪያ የሚያውቀው አብሮት የሚኖረው ሰው ነው፤ ቤተ ሙከራው ዕውቀቱን ያጠራለታል፣ ያረጋግጥለታል። ከእንግዲህ የትብብር ደብዳቤ ላይ ማኅተም የሚያደርግ ኃላፊ ሁሉ «ውጤቱን መቼ ታመጡልናላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ቀኑንም ደብዳቤው ላይ ያስፍር።