«መጽሐፉ ይላል» ማለት ማስተማር አይደለም

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከመካከላችን አንዱ ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ሲያስተምር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ጋሼ፣ 91 ለምንድን ነው ብቸኛ ቁጥር ያልሆነው?» ሲል ጠየቀ። የተሰጠው መልስ «መጽሐፉ አይደለም ይላላ! ቁጭ በል!» የሚል ነበር። ልጁ ተቀመጠ። ትምህርቱ በሰዓቱ አለቀ፤ ጥሩ ነጥብም ተገኘበት።

ታዲያ ምኑን አስተማርነው? 91 እኮ 7 ጊዜ 13 ነው። በ2፣ በ3፣ በ5፣ ከዚያም በ7 እንዲያካፍል ብንነግረው ኖሮ ልጁ ራሱ ይደርስበት ነበር። 97ን ብንሰጠውም ከ7 በላይ መድከም አያስፈልገውም። 97 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆን ኖሮ አንደኛው ከ10 ማነሱ ግድ ነበርና።

መጽሐፍም ይሳሳታል። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሁለትን 67 ጊዜ አባዝተን አንድ ብንቀንስ ብቸኛ ቁጥር ይወጣል፤ 127 ጊዜ ብናባዛም እንዲሁ ነው አለ። ማረጋገጫ ግን አላቀረበም። ከ200 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያስተምር የነበረው ኤድዋር ሉካ በ1876 ሁለቱንም መረመረ። የ127ቱ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ቁጥሩም ይኸውና፦

170141183460469231731687303715884105727

ይህ ባለ 39 አሃዝ ቁጥር እስከ 1951 ድረስ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ነበር። የ67ቱ ግን ስህተት ሆነ። በ1903 አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል 193,707,721 በ761,838,257,287 ሲባዛ ያንኑ ቁጥር እንደሚሰጥ አሳየ።

አንድ ሰው፣ አንድ ዝርዝር፤ አንዱ ልክ፣ አንዱ ስህተት! ማረጋገጫ እስኪመጣ ድረስ አንባቢው ሁለቱን በምን ይለያቸው ነበር? በ2024 በኮምፒዩተር የተገኘው 41,024,320 አሃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር እንኳ ከመታወጁ በፊት በሌሎች ፕሮግራሞችና መሣሪያዎች ደግሞ ደጋግሞ ተፈትሿል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ክፍሉ ሞልቶ፣ ሰዓቱ አጥሮ፣ ለምን እያልን ልንቆም ነው እንዴ?» ይላሉ። ችግሩ እውነት ነው፤ እኛም አይተነዋል። ነገር ግን የ91 ጉዳይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዝም የተባለው ልጅ ግን ሌላ ቀን እጁን ላያወጣ ይችላል። ጥፋቱ ይህ ነው።

ስለዚህ እኛ ሠልጣኞች በእያንዳንዱ የትምህርት ዕቅዳችን ቢያንስ አንድ «ለምን» ከነመልሱ እንጻፍ። መልሱን ካላወቅነውም «ነገ አብረን እናየዋለን» ማለት አያሳፍርም፤ ነገ ይዞ መምጣት እስካለ ድረስ። መምህራኖቻችንም ልምምዳችንን ሲገመግሙ የሰሌዳ ጽሕፈታችንንና ሰዓት ማክበራችንን ብቻ ሳይሆን የተማሪን ጥያቄ እንዴት እንደተቀበልን ጭምር ነጥብ እንዲሰጡበት በአክብሮት እንጠይቃለን።