ከባትሪው በፊት የግድግዳው ሽቦ

በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የሚዞር ሰው ጥያቄዎቹ የታወቁ ናቸው። አንዴ ተሞልቶ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል? መለዋወጫው ይገኛል? ሻጩም መልሱን በቃሉ ይዞታል። መኪናው በየማታው ስለሚሰካበት ቤት ግን ወሬ የለም። ሽቦው መቼ ተዘረጋ፣ ቆጣሪው ስንት አምፔር ይችላል፣ ግራውንድ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሻጭም ገዥም እምብዛም አይገኝም። ቻርጀሩ «በስጦታ» አብሮ ይመጣል፤ ድሪል የያዘ ልጅ ይላካል፤ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሳይመሽ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ይሄዳል። አረንጓዴ መብራት ከበራ ሥራው አለቀ ይባላል። እኔ ግን ዋናው ሥራ ገና አልተነካም ባይ ነኝ።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው ምርጫው አንድ ሆኗል። ከዚያም በፊት መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ፣ ጉምሩኩን ለተገጣጠመው 15 በመቶ፣ በከፊል ተበታትኖ ለሚመጣው 5 በመቶ፣ ሙሉ ለሙሉ ተበታትኖ ለሚገባው ዜሮ አድርጎት ነበር። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙም ተነገረ። ብዙ ሰው ከዚህ ወዲያ የኃይል ነገር አያሳስብም ብሎ ደመደመ። ጉባ ላይ የሚመነጨው ኃይል ግን ወደ መኪናችሁ የሚገባው በሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ከምሰሶው በተጎተተው ገመድና ግድግዳችሁ ውስጥ በተቀበረው ሽቦ በኩል ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ደግሞ የመንግሥት አይደለም፤ የእናንተ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የእንጀራ ምጣድ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይጎትታል። ይህን እናቶቻችንም፣ የድሮ ኤሌክትሪክ ሠራተኞችም ስለሚያውቁ ለምጣድ ብቻውን መስመር ይዘረጋለታል፣ የራሱ ወፍራም ማብሪያም ይደረግለታል። ምጣድን ከቴሌቪዥን ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ የሚሰካ ጤነኛ ሰው የለም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ቻርጀር 32 አምፔር ማለትም 7 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል፤ ሁለት ምጣድ ማለት ነው። ምጣዱ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ተጥዶ ሰዓት ተኩል ቢሠራ ነው፤ ያውም ሲግል ያርፋል። መኪናው ግን ባትሪው ባዶ ሆኖ ሲሰካ ሌሊቱን ሙሉ አንዴም ሳያርፍ ይጎትታል። አንድ ሰዓት የሚችል መጋጠሚያ ስምንት ሰዓት ላይችል ይችላል፤ የሚቃጠል ሶኬት ሁሉ የሚቃጠለው ሰው ተኝቶ ሳለ ነው የሚመስለኝም ለዚህ ነው።

እስቲ እንደምር። ቻርጀሩ 7 ኪሎ ዋት፣ ምጣዱ 3.5፣ ምድጃው 2፣ የውኃ ማሞቂያው 1.5 ቢሆን፣ ድምሩ 14 ኪሎ ዋት ነው። ለ220 ቮልት ሲካፈል 64 አምፔር ገደማ ይሆናል። ይህን የሚሸከም ባለ አንድ ፌዝ የመኖሪያ ቤት መስመር ጥቂት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ዋናው ብሬከር ይወርዳል። ቤቱ ሲጨልም የተጠራው ሠራተኛ ብሬከሩን አውጥቶ በትልቁ ይተካዋል። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አይወርድም፤ የሚግለው ሽቦው ነው። ብሬከር የሚመረጠው ሽቦው በሚችለው ልክ እንጂ ባለቤቱ በሚፈልገው ልክ እንዳልሆነ የማያውቅ ሰው ሣጥኑን ባይከፍት ይሻላል።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይወዱት ጥያቄ አለኝ፦ 7 ኪሎ ዋቱ ለምን አስፈለገ? ከሲኤምሲ ሜክሲኮ ተመላልሶ፣ ልጆች አድርሶ፣ ገበያ ደርሶ የሚመጣ ሰው በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ብዙ ነው። መኪናው ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ቢበላ፣ የቀኑ ፍጆታ 6 ነው። ይህን በ10 አምፔር፣ ማለትም በ2.2 ኪሎ ዋት፣ ከሦስት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው የምትሞሉት። በ16 አምፔር ሌሊቱን ቢሰካ ደግሞ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ባሕር ዳር ለሚወጣ ሰው ስሌቱ ይለያል፣ እሱ በጊዜ አስቦ ማታውኑ ይሙላ፤ ለሚቸኩል ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ቦሌ ላይ እንደከፈተው ዓይነት ፈጣን የመሙያ ጣቢያ አለ። ብዙዎቹ የግድግዳ ቻርጀሮች ወደ 16 አምፔር ዝቅ ተደርገው ሊስተካከሉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ መኪናው ከአንድ ምጣድ አይበልጥም። ለብዙው የአዲስ አበባ ነዋሪ ትክክለኛው መጠን ይኸው ይመስለኛል። ለፍጥነት የሚወጣው ገንዘብ ለመስመሩና ለግራውንዱ ይዋል።

ግራውንድ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ነውና። ብዙ ቤቶቻችን ሶኬቱ ላይ የግራውንድ ብረት አላቸው፣ ከኋላው ግን ሽቦ የለም፤ ወይም ሽቦው ማከፋፈያው ሣጥን ድረስ መጥቶ ይቆማል። ፍሪጅና ቴሌቪዥን ይህን አይጠይቁም፣ ዝም ብለው ይሠራሉ። የመኪና ቻርጀር ግን ከመጀመሩ በፊት ይመረምራል፤ ግራውንድ ካጣ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። ይህ የተበላሸ ማሽን ሳይሆን ሥራውን የሚያውቅ ማሽን ነው። የእኛ መፍትሔ ግን ሌላ ነው። «ችግር የለውም፣ ይሠራል» የሚል ሰው ይመጣና ኒውትራሉንና ግራውንዱን በአጭር ሽቦ ያገናኛቸዋል። ቀዩ ይጠፋል፣ አረንጓዴው ይበራል፣ ሒሳብ ይከፈላል።

ምን ተደረገ ማለት ነው? ቻርጀሩ ተታለለ። የመኪናው አካል ከኒውትራል ጋር ታሰረ። ምሰሶው ላይ ያለው የኒውትራል መጋጠሚያ አንድ ቀን ቢላቀቅ፣ በአሮጌ መስመር ደግሞ ይላቀቃል፣ 220 ቮልቱ የሚመለስበት ሲያጣ በዚያች አጭር ሽቦ በኩል የመኪናው ብረት ላይ ይወጣል። መኪናው በጎማ ላይ ስለቆመ ከመሬት ጋር አይገናኝም፤ የሚያገናኘው በክረምት እርጥብ ግቢ ላይ ቆሞ በሩን የሚከፍተው ሰው ነው። ሽቦዋ የታሰረችው ቻርጀሩ በተሰካበት ኤክስቴንሽን መሰኪያ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ኒውትራሉ እስኪላቀቅም መጠበቅ አያስፈልግም፦ ባለ ሁለት እግሩ መሰኪያ በግልባጭም ስለሚገባ፣ አንድ ቀን የቤቱ ልጅ አዙሮ ቢሰካው ፌዙ በቀጥታ የመኪናው አካል ላይ ነው። ይህን ሠርቶ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ባለሙያ ነኝ ማለት የለበትም።

ትክክለኛው ሥራ መሬት ውስጥ የመዳብ ዘንግ መቅበር፣ ከዘንጉ እስከ ቻርጀሩ ያልተቆራረጠ ሽቦ መዘርጋት፣ ከዚያም በመሣሪያ መለካት ነው። መለካቱ ቀልድ አይደለም። የአዲስ አበባ ብዙ ሰፈር የተቀመጠው በመረሬ አፈር ላይ ነው፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይቀንሳል፣ ከዘንጉም ይሸሻል። በሐምሌ ሲለካ ደህና የነበረ ግራውንድ በየካቲት ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ዘንጉ በጥልቀት ይቀበር፣ አንዱ ካልበቃ ሁለተኛ ይጨመር፣ ልኬቱ በበጋ ይደገም።

ከግራውንዱ ቀጥሎ ኧርዝ ሊኬጁ ይመጣል፤ ሠራተኞቻችን ብዙ ጊዜ ከተራ ብሬከር ጋር አንድ አድርገው ያዩታል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ ኧርዝ ሊኬጅ የሚጠብቀው ሰውን። 30 ሚሊ አምፔር ሾልኮ ሲያገኝ በቅጽበት ይቆርጣል። መኪናው ግን በባትሪው ምክንያት ቀጥተኛ ፍሰት ሊያሾልክ ይችላል፤ ይህ ፍሰት ገበያው ላይ በርካሽ የሚገኘውን ኧርዝ ሊኬጅ ያደነዝዘዋል፣ አደጋ ሲመጣም ላይቆርጥ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ዓይነት ኤ መሆን አለበት፤ ቻርጀሩም 6 ሚሊ አምፔር ቀጥተኛ ፍሰት ሲያይ የሚቆርጥ መከላከያ በውስጡ ሊኖረው ይገባል። ከሌለው ዓይነት ቢ ይገዛል። ዋጋው ያማል፣ አውቃለሁ። ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ ግን ምንም አይደለም።

ስለ ሽቦው ውፍረት ብዙ አልልም፤ ለ32 አምፔር፣ ለተራ ሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ አይበቃም፣ ቢያንስ 6፣ ቆጣሪው በር ላይ ሆኖ መኪናው ከጓሮ ከሆነ 10 ያስፈልጋል። ብሬከሩ 40 አምፔር፣ ለመኪናው ብቻ። መጋጠሚያው ላይ በእጅ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል የለም። የኤሌክትሪክ ሙቀት ከፍሰቱ ጋር እኩል እንደማይጨምርም ማስታወስ ይጠቅማል፦ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን መጋጠሚያው ላይ ያለው ሙቀት አራት እጥፍ ነው። በ8 አምፔር ለብ ይል የነበረ ልል ብሎን በ16 አምፔር ፕላስቲኩን ያቀልጣል። በመጀመሪያው ሳምንት መሰኪያውን ከሰዓታት በኋላ በእጅ ዳብሱት፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ነቅላችሁ ባለሙያ ጥሩ።

የግድግዳ ቻርጀር ለብቻው ለሚገዛ አንድ ነገር በችኮላ ልበል፦ ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪኖች፣ የቻይናዎቹ ፎልክስዋገንና ቶዮታ ጭምር፣ መሰኪያቸው ጂቢ/ቲ የሚባለው ነው፤ ከአውሮፓው ዓይነት 2 ጋር አይገጥምም። አይታችሁ ግዙ።

ኮንዶሚኒየም የራሱ መከራ አለው። ቆጣሪው ከደረጃው ሥር፣ ቤቱ አራተኛ ፎቅ፣ መኪናው የጋራ ግቢ ውስጥ። ውጤቱ ከመስኮት ተለቅቆ፣ በጎረቤት በረንዳ አልፎ፣ ሕፃናት የሚጫወቱበት አስፋልት ላይ የሚጋደም ኤክስቴንሽን ነው። ገመዱ ዝናብ ይመታዋል፣ መኪና ይሄድበታል፣ ግማሹ ከነጥቅልሉ ስለሚተው ውስጥ ለውስጥ ይግላል። ባለቤቱን አልኮንንም፤ መኪናው ተገዝቷል፣ ሥራ ይኬዳል። የሚያዋጣው ግን የሕንፃው ማኅበር ከኤሌክትሪክ አገልግሎት የጋራ ቆጣሪ ጠይቆ፣ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ሁለት ሦስት ቻርጀር ተክሎ፣ እያንዳንዱ በተጠቀመው ልክ እንዲከፍል ማድረግ ነው። በስብሰባ ላይ ስለ ጥበቃ ደመወዝ ሦስት ሰዓት የምንከራከር ሰዎች ለዚህ አንድ ሰዓት አናጣም።

ሌላው የጎረቤት ነገር ሰዓቱ ነው። ሁሉም ከሥራ ሲመለስ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ መኪናውን ቢሰካ ትራንስፎርመሩ የሚሸከመው ራት የሚሠራበትን ኃይልም ጭምር ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ወዲህ የሚሸጥ የቤት ቻርጀር ከፋብሪካው ሲወጣ የምሽቱን ጭነት እንዲሸሽ ተስተካክሎ እንዲመጣ፣ ሁሉም በአንድ ደቂቃ እንዳይጀምሩም የተበታተነ መዘግየት እንዲኖረው ደንግገዋል። እኛ ደንቡን መጠበቅ አያስፈልገንም፤ መኪናው ራሱ የሰዓት መቅጠሪያ አለው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ እንዲጀምር ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ በዚያ ሰዓት ጭነቱም ቀለል ይላል፣ ቮልቴጁም ይረጋጋል። የቤት ታሪፋችን ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ከፍ የሚል መሆኑንና ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እየተስተካከለ መሆኑንም ባለ መኪናው ከወዲሁ ይያዘው።

ይህን ሁሉ ማን ይሥራ? የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል። ወረቀቱ ያለው ሰው ሁሉ ጎበዝ ነው አልልም፤ ቢያንስ ግን የሚጠየቅ ነው፣ ስሙም ይታወቃል። ባለሥልጣኑ አንድ እርምጃ ይጨምር፦ ማንኛውም የመኪና ሻጭ ቻርጀር ሲያስገጥም የግራውንዱን ልኬት፣ የብሬከሩንና የኧርዝ ሊኬጁን ዓይነት፣ የሽቦውን ውፍረት የያዘና በባለሙያው የተፈረመ አንድ ገጽ ለገዥው እንዲሰጥ ያስገድድ። አዲስ ሕንፃ የሚያስገነባም ገና ሲገነባ ከቆጣሪው እስከ መኪና ማቆሚያው ባዶ ቱቦ ቢያስቀብር ወጪው ኢምንት ነው፤ በኋላ ግድግዳ መቦርቦር ግን ውድ ነው።

እስከዚያው መኪና ልትገዙ የተነሳችሁ ወዳጆቼ፣ ቀብዱን ከመክፈላችሁ በፊት የቤታችሁን ቆጣሪና ግራውንድ የሚለካ ሰው አምጡ። ሻጩ የላከው ልጅ ቀዩን መብራት በአጭር ሽቦ ላጥፋው ካላችሁ ደግሞ፣ አመስግናችሁ ሸኙትና ባለሙያ ጥሩ።